ጠባብና ረጅም መኝታ ቤት፦ አልጋው በቁመት ይሁን በአግድም?

ማክሰኞ ማታ ልጄን አስተኝቼ በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ። እስከ እሑድ 22 መልስ መጣ። አንዳንዱ ቤታችንን ገብቶ ያየ ያህል የተጠነቀቀ ነው። አንዳንዱ ቁጣ አለበት። ሁሉንም በየተራው ልንገራችሁ፤ እንደኛ ባለ ክፍል የሚኖር ሰው ብዙ እንደሆነ ከመልሶቹ ገብቶኛል።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። የምንኖረው ከአያት ወዲያ፣ ጣፎ ነው፤ ተከራይተን። መኝታ ቤታችን ድሮ የአንድ ትልቅ ሳሎን ግማሽ ነበር። አከራያችን ሳሎኑን በችፑድ ለሁለት ከፈሉትና አንዱ ግማሽ ለእኛ ደረሰ። ወርዱ 2 ሜትር ከ20 ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ80። በሩ በአንዱ ጫፍ፣ መስኮቱ በሌላው ጫፍ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ያያል። ከበር ቆመው ሲያዩት በስተቀኝ የብሎኬት ግድግዳ አለ፤ ክረምት ዝናብ የሚገርፈው እሱን ነው። በስተግራ ችፑዱ ነው። ከችፑዱ ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ።

አልጋችን ሜትር ከሃምሳ ነው። ፍራሹ 1.50 በ1.90። ጣውላው ሲጨመር ግን ወርዱ 1.60፣ ርዝመቱ 2.05 ይሆናል። የተዘረጋው በቁመት ነው፤ ጎኑ ከብሎኬቱ ተጣብቆ፣ ራስጌው መስኮቱ ሥር። ባለቤቴ ሹፌር ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳል። የሚተኛው በግድግዳው በኩል ስለሆነ እኔንና የ7 ወር ልጃችንን ተሻግሮ ነው የሚወርደው። አንድ እጁን የመስኮቱ ደፍ ላይ ያሳርፋል። ጉልበቱን በእግሬና በልጅቷ መሃል ይተክላል። ትንፋሹን ይዞ ያልፋል። ልጅቷ ግን ትነቃለች። ከነቃች ደግሞ እስከ 12 ሰዓት አትተኛም። እኔም በሌሊት ሦስት አራት ጊዜ እነሳለሁ።

እና ሁለት ሰው ሳይሻገር የሚነሳበት አልጋ በ2 ሜትር ከ20 ውስጥ እንዴት ይገባል? አልጋ መቀመጥ ያለበት ከበር ሲያዩት እንዲያምር አይደለም፤ ሌሊት ማን መቼ እንደሚነሳ ታይቶ ነው። ይህንንም ጨምሬ ጻፍኩ።

መልስ 1 ከአንዲት የሦስት ልጆች እናት መጣ። ዘግይቶም ቢሆን እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላኝ ጀመረች። ምክሯ አጭር ነው፤ ቀድሞ የሚነሳው ወደ ውጭ፣ የሚቆየው ወደ ግድግዳ ይተኛ።

መልስ 2 በትሕትና አረማት። እኔም በሌሊት እንደምነሳ ጽፌ ስለነበር፣ ቦታ መቀያየር መሻገሩን ከባል ወደ ሚስት ከማዛወር ሌላ ትርፍ እንደሌለው አስረዳ። እሷም ተቀበለች። ከዚያ ሁለቱ ስለ ጡጦ ረጅም ጨዋታ ያዙ፤ እሱን ልዝለለው።

መልስ 3 ወጣት ይመስለኛል። አልጋውን በአግድም አዙሬ መስኮቱ ሥር እንዳስጠጋው መከረኝ። ክፍሉ አጠር፣ ሰፋ ያለ ይመስላል፤ ከፊት ለፊትም ባዶ ቦታ ይተርፋል። ልክ ነው። በስልክ የምናያቸው የሚያምሩ ክፍሎች እንደዚያ ናቸው። ግን 2.05 የሆነ አልጋ 2.20 ውስጥ ሲጋደም በግርጌው የሚተርፈው 15 ሳንቲ ብቻ ነው። በመስኮቱ በኩል የሚተኛው ሰው ያው መሻገሩ አይቀርለትም።

መልስ 4 የመስኮቱን ነገር አነሳ። እኔ እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በጋ ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ትለቀዋለች። ህዳርና ታኅሣሥ ቀን እያቃጠለ ሌሊት የሚቆረጥመው ለዚህ ነው። የብረት መስኮትና አንድ ንጣፍ መስታወት ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። መስታወቱን የነካው አየር ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል። ራስጌው እዚያ ሥር ከሆነ የሚወርደው ራስ ላይ ነው። መስኮቱ ተዘግቶም ንፋስ ገባ የምንለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ጧት ጧት የልጄ ጆሮ በረዶ ሆኖ የማገኘው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ መልስ 5 ነው። ጸሐፊው ሰበታ የሚኖር አባወራ ነው። አልጋቸውን ሁለት ክረምት ሙሉ ከውጭው ግድግዳ አጣብቀው አቆዩት። ሲያነሱት የፍራሹ ጎን ጠቁሮ አገኙት። የሰው ትንፋሽና ላብ ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ያወጣል። እርጥበቱ ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲያገኝ ውሃ ይሆናል። በመሃል አየር ካላለፈ አይደርቅም፤ ይሻግታል። ቢያንስ አንድ መዳፍ ያህል እንዳርቀው ነገረኝ።

ስልኩን አስቀምጬ ተነሳሁ። ፍራሹን በአንድ እጄ ሳብ አድርጌ በባትሪ አየሁ። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የግድግዳው ቀለም አብጧል። ጣቴን ሳሳርፍበት እንደ ረጠበ ዱቄት ተፈረፈረ። የፍራሹ ጨርቅ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ልክ ባለቤቴ ጀርባውን የሚሰጥበት ቦታ ላይ ነው። እሱ ሥራ ላይ ነበር። አልደወልኩለትም፤ ማታ ራሱ እንዲያየው ፍራሹን እንደተሳበ ተውኩት።

መልስ 6 ነገሩ ብርድና እርጥበት ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው ባይ ነው። ማታ ከሰል አቀጣጥዬ፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍም ሲሆን መኝታ ቤት አስገብቼ በሩን እንድዘጋ መከረኝ።

እዚህ ላይ የውይይቱ መንፈስ ተቀየረ። መልስ 7 በስድብ ነው የጀመረው፤ ስድቡን አልደግመውም። ግን ለምን እንደተናደደ ጻፈ። እሱና ወንድሙ ተማሪ ሆነው ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኙ። እናታቸው ጧት ጠርታ መልስ ስታጣ በሩን በጎረቤት አስገንጥላ አወጣቻቸው። ወንድሙ ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛ። መልስ 8 ያው የመልስ 6 ጸሐፊ ነው፤ ከፍቶት ተመለሰ። እናቶቻችን በእሳት ዳር ነው ያሳደጉን፣ ማን ሞተ የሚል ነበር።

መልስ 9 በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ሁለቱንም አረጋጋች፤ በነገሩ ላይ ግን አልተለሳለሰችም። የከሰል ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ነው። የተኛ ሰው ግን ይህ ሁሉ አይሰማውም። የእናቶቻችን ጎጆ ጣሪያው ሣር ነው፤ ጭሱም ያም ጋዝ በሣሩ መሃል ይወጣል። በሲሚንቶ የተለሰነና መስኮቱ የተጠረቀመ ክፍል መውጫ የለውም። እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ። ይህን የምታነቡ ሁሉ እባካችሁ፣ ሕፃን ይኑር አይኑር፣ ፍም ወደ መኝታ ቤት አታስገቡ። የመልስ 6 ጸሐፊ በማግስቱ ምክሩን አጠፋው። ይቅርታም ጠየቀ። አከበርኩት።

መልስ 10 የአንድ አባት ነው። ነርሷ ጎጆ ስትል የራሳቸው ልጅነት ትዝ ብሏቸው ነው የጻፉት። ልጄ እያሉ ነው የሚያወሩኝ። ያደጉት ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ነው። መደቡ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ነው፤ ላዩ ላይ ቁርበት ይነጠፋል። ራስጌው ከበሩ በሚርቀው በኩል፣ ግርጌው ወደ በሩ። የተኛ ሰው ቀና ሲል የሚገባውን ያያል። ልጆች ወደ ውስጥ፣ እናት ወደ ዳር፤ እሳቱን የምትጭረው እሷ ናታ። ግድግዳው ጭቃ ከጭድ ነው፤ ጭዱ አየር ስለሚይዝ እንደ ሲሚንቶ አይቆረጥምም። ሳነበው ደስ አለኝ። መደቡም ቢሆን ሌሊት የሚነሳው ሰው ታይቶ ነበር የተሠራው።

መልስ 11 አልጋውን ሽጪው አለችኝ። ሁለት ባለ 90 አልጋ ገዝቼ በአንዱ ግድግዳ ሥር ፊትና ኋላ ላሰልፋቸው። 4 ሜትር ይይዛሉ፤ በጎናቸው ሜትር ከ30 መተላለፊያ ይተርፋል። በስሌት ደረጃ ከሁሉም የተሻለ ነው። መልስ 12 ግን አልጋ የለየ ባልና ሚስት ትዳሩንም ለይቷል ብሎ ተነሳ። ሌላ ነገርም ጨመረ፤ ስለ ሴቶች። መልስ 13 ራሷ የመልስ 11 ጸሐፊ ናት። እሷም ባሏም የሌሊት ፈረቃ ይሠራሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ በሁለት አልጋ ተኝተው፣ ተከባብረው፣ ሁለት ልጅ ወልደው እንደሚኖሩ ጻፈችለትና የሰው ትዳር በአልጋ ወርድ እንዳይለካ አስጠነቀቀችው። እውነቷን ነው። እኛ ግን ለሁለት አልጋና ለሁለት ፍራሽ የሚሆን ገንዘብ የለንም። አልጋውንም እናቴ ናት ለሠርጌ የሰጠችኝ።

መልስ 14 ይህ ሁሉ ድካም ከሚሆን ቤት እንድንቀይር መከረ። የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መልስ 15 ከአልጋ ወጥቶ ወደ ሕግ ገባ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ውል ካለን ግድግዳው እርጥበት እንደሚያስገባ ለአከራዩ በጽሑፍ እንድናሳውቅ ነገረኝ። ከጥያቄዬ ወጣ ያለ ነው፤ ግን ጠቀመኝ። አከራያችንን ሳነጋግራቸው የውጭውን ልስን ከክረምት በፊት አስጠግናለሁ ብለዋል።

መልስ 16 ራስጌው ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ፈለገ። የምንጸልየው ወደ ምሥራቅ ዞረን ነውና የተኛ ሰውም ራሱን ወደዚያው ቢያደርግ ደስ ይለዋል። መልስ 17 አንድ ሙስሊም ወንድም ነው። ለሚያነቡ ሙስሊሞች ሲል ከአዲስ አበባ ቂብላው ወደ ሰሜን እንደሆነ፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ እንደሚያዘነብል አስታወሰ። ብዙዎች እግራቸውን ወደዚያ ዘርግተው መተኛት ቅር ይላቸዋል። ሁለቱ ተመራርቀው ተለያዩ።

መልስ 18 ላይ ልቆይ።

የጻፈው ኮተቤ አካባቢ አልጋ የሚሠራ አናጢ ነው። ምክር ከመስጠቱ በፊት ጠየቀኝ። አልጋው በቡሎን የታሰረ ነው ወይስ በሚስማርና በኮላ? በሩ ወደ የት ይከፈታል? ቁም ሳጥኑ ስንት ነው? መለስኩለት። በቡሎን ነው። በሩ ወደ ውስጥ ተከፍቶ ችፑዱን ይደገፋል። ቁም ሳጥኑ 1.20 በ60 ነው፤ እስከ ዛሬ ብሎኬቱን ታኮ ነው የቆመው። ከሁለት ሰዓት በኋላ እንዲህ ያለ ስዕል ሠርቶ ላከልኝ።

አልጋው በአግድም ይዞራል። ራስጌው ወደ ችፑዱ፣ ግርጌው ወደ ብሎኬቱ። የራስጌውና የግርጌው ትልልቅ ጣውላ ይወልቃል። ግን ዝም ብሎ አይወልቅም። የጎን ጣውላዎቹን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ስለዚህ በየጫፉ ዝቅ ያለ ማሰሪያና ሁለት ሁለት እግር ይገባል። ርብራቡ እንዳለ ይቀራል። አልጋው ከ2.05 ወደ 1.92 ያጥራል። በግርጌው 28 ሳንቲ ይተርፋል። በመስኮቱ በኩል ደግሞ ከግድግዳው 50 ሳንቲ ይርቃል። ባለቤቴ በመስኮቱ በኩል ወርዶ፣ በግርጌው ዞሮ ይወጣል። እኔ በበሩ በኩል እነሳለሁ። ማንም ማንንም አይሻገርም።

28 ሳንቲ ለትልቅ ሰው አይበቃም ብዬ ጻፍኩለት። መልሱን አልረሳውም። የግርጌው ጣውላ ሲኖር ሰውየውን የሚከለክለው እስከ ወገቡ ነው። ጣውላው ከወለቀ ከጉልበት በላይ ምንም የለም። ማለፍ ያለበት እግሩ ብቻ ነው፤ ትከሻው በፍራሹ አናት ላይ ነጻ ነው። ያው ክፍተት ብሎኬቱ አየር እንዲያገኝም ያደርጋል። ከመልስ 5 ጋር ያገናኘው ራሱ ነው። ራስጌው ያረፈበት ችፑድ ከወዲያው ሰው የሚኖርበት ስለሆነ አይበርድም። መስኮቱንም አልጋ ላይ ሳልወጣ እከፍታለሁ። ቁም ሳጥኑ ከብሎኬቱ ተላቆ ከበሩ አጠገብ ባለው አጭር ግድግዳ ላይ ይቆማል። 50፣ 160፣ መሃል ላይ 210 ባዶ፣ 60። ድምሩ 4 ሜትር ከ80። በሁለት ሜትር ከአሥር ባዶ ቦታ ላይ የልጄ አልጋም ሲደርስ ይገባል።

ሳንቆርጥ በፊት ሞከርነው። ዓርብ ማታ ካርቶን ገጣጥመን በልኩ ወለሉ ላይ ዘረጋን። በግርጌው በኩል የውሃ ጀሪካኖቻችንን ደረደርን፤ የአልጋውን ከፍታ እንዲተኩ። ባለቤቴ ጫማውን አውልቆ፣ መብራት አጥፍቼበት፣ በ28 ሳንቲው መሃል አለፈ። በጎኑ ነው የሄደው፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ እያሳረፈ። አንድ ጀሪካን ብቻ ነካ። እንደገና አለፈ። ምንም አልነካም።

መልስ 19 ስለ ድምፅ ነው። ራስጌያችን ችፑዱ ላይ ከሆነ ጎረቤታችን ሲያስሉ እንሰማለን፤ እሳቸውም እኛን። የእንቁላል ካርቶን እንድለጥፍ መከረ። መልስ 20 ቆጣ ብሎ አረመው። የእንቁላል ካርቶን እዚያው ክፍል ውስጥ የሚመላለሰውን ድምፅ ትንሽ ያለዝብ ይሆናል፤ ግድግዳ አልፎ የሚመጣውን ግን አይከለክልም። ድምፅ የሚያቆመው ክብደትና የክፍተት መደፈን ነው። ችፑዱ ከወለሉና ከኮርኒሱ ጋር የሚገናኝበትን ስንጥቅ መጀመሪያ ድፈኚ፣ ከዚያ ወፍራም ምንጣፍ ስቀይ አለኝ። ከኮርኒሱ በኩል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘሁ።

አንድ ነገር ግን ከማንም ሳልጠይቅ አደረግሁ። እማማን ቡና ጠራኋቸው። አልጋችን ወደ እሳቸው በኩል እንደሚዞር ነገርኳቸው። እሳቸው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሬዲዮ ከፍተው ጸሎት ይሰማሉ። ሬዲዮውን ያስቀመጡት ችፑዱ ላይ በተመታ መደርደሪያ ነበር። ቡናው ሳያልቅ ተነስተው ሄዱና ወዲያኛው ግድግዳ ዘንድ አዛወሩት። የልጅቷ ለቅሶ ሲበረታ ግን እንዳይከፋኝ፣ ሌሊት ብቻቸውን እንዳልሆኑ እንደሚያስታውሳቸው ነገሩኝ።

መልስ 21 ትኋንን አነሳ። አልጋው በሁለት በኩል ከግድግዳ መላቀቁ ለዚህም ይረዳል፤ አዲሶቹን እግሮች ስናስገባ የጣውላውን መጋጠሚያ ሁሉ በፈላ ውሃ እንድናጥብ መከረች። አድርገነዋል።

መልስ 22 ውጤቱን ብቻ ጠየቀ። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የሰፈር አናጢ መጥቶ በስዕሉ መሠረት ሠራው። ሁለት ሰዓት አልፈጀም። የጠቆረውን ግድግዳ ፍቀን በበረኪና አጠብነው፤ መስኮቱን ከፍተን አደረቅነው። ማታ ተኛን። ባለቤቴ 10 ሰዓት ሲነሳ አልሰማሁም። ልጅቷም አልሰማችም። ጧት ፀሐይ ሲገባ ግርጌው ዘንድ የአልጋ ልብሱ ጫፍ ወደ ታች ተስቦ አየሁ፤ ሲያልፍ በእግሩ ይዞት ይሆናል። ጣውላው ስለሌለ አልጋ ልብሱ በዚያ በኩል ይንሸራተታል። እንዲህ ያለ አልጋ ያላችሁ፣ አልጋ ልብሱን በምን ነው የምታሲዙት?